ያ ዜሮ ከየት መጣ?

እንደምን አደራችሁ፣ የማኅበራችን አባላት። እንኳን በሰላም መጣችሁ። ሊቀመንበር መናገር ሲጀምር ስልክ ከኪስ እንደሚወጣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ የዓመቱን ክንውን አልዘረዝርም። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ አለ።

እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ ስለ ዜሮ። በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ጭራሽ መገኘት የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ይኸው ነው። አብዛኛው ኢ. ኮላይ አያሳምምም፤ ቤቱ ግን የሰውና የእንስሳ አንጀት ነው። ውሃው ውስጥ ከተገኘ ሰገራ ገብቷል ማለት ነው። ሰገራ ባለፈበት ደግሞ የታይፎይዱም የኮሌራውም ባክቴሪያ ማለፍ ይችላል፣ ውሃው የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ።

የውሃ ምርመራ ውጤት የምንሞላባቸው ቅጾቻችን ዜሮ በዜሮ ናቸው። ደስ ይላል። ግን ያ ዜሮ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። ሥራ ስጀምር ክሎሪን ከተጨመረበት ቧንቧ ናሙና ቀዳሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት መኖር ነበረበት፤ ክሎሪኑን እዚያው የሚያመክነው እሱ ነው። ረሳሁት። ክሎሪኑ መንገዱን ሙሉ ጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ ሲገድል ቆየና ላቦራቶሪ ስደርስ ሰው የጠጣው ውሃ ሌላ፣ እኔ የመረመርኩት ሌላ ሆኖ አረፈው። ውጤቱ ዜሮ። ኮራሁ እኮ! ነገሩን የነቃብኝ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ ዓይኑን ማየት አፍሬ ነበር።

ሁለተኛው ጉድ ጊዜው ነው። ናሙና የምንወስደው መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ ለእኛ ሲመች ነው። ውሃው የሚበከለው ግን ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲጥል ነው፤ ጎርፉ ከግጦሽ እበቱን፣ ከሞላ መጸዳጃ ጉድጓድ የተረፈውን ጠራርጎ በተሰነጠቀው የጉድጓድ አፍ ሲሚንቶ በኩል ይገባል። ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ግንቦት ላይ እንዲህ ሆነች። ከከባድ ዝናብ በኋላ የከብት ፍግ አንድ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,000 በላይ ታመሙ። ሲጣራ፣ ሠራተኞቹ ክሎሪኑን በየቀኑ ሳይለኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሞሉ ነበር። ያውም በሀብታም አገር።

እኛ ከዚያ እንሻላለን? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። መጥፎ ውጤት ይዞ የመጣ አባል በስብሰባ ላይ ሲወቀስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዝም ብዬም አልፌአለሁ። ተወቃሹ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚጽፍ እናንተው ገምቱ።

የጀሪካኑን ጉዳይ፣ ማለትም ንጹህ ውሃ ቤት እስኪደርስ የሚበከልበትን ነገር፣ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ያነሱታል።

አሁን አጀንዳ አንድ። አዲሱ ቅጽ ሦስት ጥያቄ ተጨምሮበታል፦ በቅርብ ቀናት ዘንቧል ወይ፣ ናሙናው ከተቀዳ በስንት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ደረሰ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ ነበር ወይ። ከ6 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከ24 ካለፈ ግን ጣሉትና እንደገና ቅዱ። ዜሮ ያልሆነ ውጤት ደግሞ በዚያው ቀን ይነገራል፣ የተናገረውም አይጠየቅም። ተቃውሞ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ጸሐፊያችን ማይኩን ያዞራል።