መሃሉ የማይሰረጉድ የሎሚና የፖፒ ዘር ኬክ

ሂሩት፦ ጤና ይስጥልን! ዛሬ የሎሚና የፖፒ ዘር ኬክ ነው የምንጋግረው፤ ባለ ሦስት ሌየር፣ በመሃሉ የሎሚ ከርድ፣ ማለትም ከእንቁላል፣ ከስኳር፣ ከቅቤና ከሎሚ ጭማቂ የሚሠራ ወፍራም ክሬም ያለበት። ቁጥር ስለሚበዛ እስክሪብቶ ብትይዙ ጥሩ ነው።

ዮናስ፦ የወጥ ቤት ሚዛንም። በስኒ የሚሰፍር ሰው ዛሬ ብዙ አይጠቀምም።

ሂሩት፦ አታስፈራራቸው እንጂ!

ዮናስ፦ ማስፈራራት አይደለም። ያው አንድ ስኒ ዱቄት ተጠቅጥቆ ሲሞላ 150 ግራም፣ ተነፍቶ ሲፈስ 120 ግራም ሊሆን ይችላል። ሦስት ስኒ ላይ 90 ግራም ተለያየ ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ኬኩ ዳቦ ይሆናል።

ሂሩት፦ እሺ፣ ሚዛን። ብዙ ሰው ወደሚያማርርበት ነገር ልግባ። አሠራሩ ከውጭ ይወሰድና አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ይሠራል። 15ኛው ደቂቃ ላይ ኬኩ ጉብ ብሎ ያምራል፤ ሲወጣ መሃሉ ሰርጉዷል።

ዮናስ፦ ከዚያ እንቁላሉ ይታማል፣ ዱቄቱ ይታማል፣ «ኦቨኑን ማን ከፈተው?» ይባላል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚለቀው ጋዝ ያለ ልክ ይነፋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ገና ሳይጠነክሩ የአረፋዎቹ ግድግዳ ይሳሳል፣ ይፈርሳል፣ መሃሉ ይወርዳል።

ሂሩት፦ ውኃውም አለ። እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ከሊጡ ቶሎ ይተናል። የቀረው ሊጥ ስኳር ይበዛበታል፣ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ቶሎ አይጠነክርም። አንዱ ችግር ሌላውን ይጠራል።

ዮናስ፦ ስለዚህ ሁለት መጠን እንስጥ። አንዱ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ፣ አንዱ ለአዲስ አበባ።

ሂሩት፦ መጀመሪያ የባሕር ዳርቻው። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላቸው ሦስት ክብ መጋገሪያዎች፦ ፊኖ ዱቄት 300 ግራም፣ ስኳር 300 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 170 ግራም፣ ዘይት 60 ሚሊ ሊትር፣ ከቅርፊቱ የወጣ እንቁላል 200 ግራም፣ ስኳር የሌለው እርጎ 240 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 60 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር 10 ግራም፣ ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የፖፒ ዘር 30 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ። ኦቨኑ 175 ዲግሪ ነው፤ በፋራናይት ለምትለኩ 350።

ዮናስ፦ እንቁላሉን በግራም የነገረቻችሁ ሆን ብላ ነው። የፈረንጅ ዶሮ ትልቅ እንቁላል ከሆነ አራት ይበቃል፤ የሐበሻ ዶሮ ከሆነ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ይፈልጋል።

ሂሩት፦ አሁን ለአዲስ አበባ። ቤኪንግ ፓውደሩ በግማሽ ይቀነሳል፤ 5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ። ሶዳውን ጭራሽ አታስገቡት። ስኳሩ 260 ይሁን፣ ዱቄቱ 330። 45 ሚሊ ሊትር ወተት ይጨመር። ኦቨኑ 185።

ዮናስ፦ ሶዳው ለምን እንደወጣ ልንገራቸው። ሶዳ የሎሚውንና የእርጎውን ኮምጣጣነት ያበርደዋል። ኮምጣጣ ሊጥ ደግሞ እሳት ሲነካው ቶሎ ይጠነክራል፤ ከፍታ ላይ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ የሎሚው ጣዕም ደምቆ ይቀራል። ሶዳ የበዛበት የሎሚ ኬክ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ሂሩት፦ አሜሪካ፣ ዴንቨር ያላችሁ አድማጮች ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ መሃል ያዙ። ቤኪንግ ፓውደሩን 7 ግራም አድርጉ። ባሕር ዳር ከተማም በከፍታዋ ከዚያ ብዙ አትርቅም። ድሬዳዋ ግን በባሕር ዳርቻው መጠን ጀምሮ ትንሽ መቀነስ ይሻላል።

ዮናስ፦ ወደ ሎሚው እንምጣ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ኬክ የሚበላሸው። ሰው የሎሚ ጣዕም ሲያንሰው ጭማቂ ይጨምራል። ጭማቂ የሚሰጠው ኮምጣጣነት ነው፤ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ውስጥ ነው።

ሂሩት፦ ስለዚህ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው መፈቅፈቂያ የላይኛውን ቀለም ብቻ ነው የምንፈቀፍቀው። ከሥሩ ያለው ነጭ ሽፋን ይመራል፤ ምሬቱ ኬኩ ሲያድር ይብሳል። አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አትፈቅፍቁ፣ ሎሚውን እያዞራችሁ ሂዱ። ደግሞ ከመጭመቃችሁ በፊት ፈቅፍቁ። የተጨመቀ ሎሚ መፈቅፈቅ ጣት ማስቆረጥ ነው።

ዮናስ፦ ትልቁ ቢጫ ሎሚ ከተገኘ ሦስት። የኛው ትንሹ ሎሚ ከሆነ ግን ልጣጩ ስስ ነው፤ ነጩ ላይ ቶሎ ይደረሳል። ስድስት ያህል ውሰዱና ከእያንዳንዱ ላይ በስሱ አንሡ። አረንጓዴ ሆኖ የደረቀውን ተዉት፤ ወደ ቢጫ የዞረው ይሻላል። ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ይደረቅ። ጭማቂ ለማውጣት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ማንከባለል።

ሂሩት፦ የተፈቀፈቀው ልጣጭ ከስኳሩ ጋር በጣት ይታሻል። ሁለት ደቂቃ። ስኳሩ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፣ ቤቱ ይሸታል። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ የስኳሩ ጥራጥሬ ነው ዘይቱን ከልጣጩ የሚያወጣው።

ዮናስ፦ የአገር ቤቱ ስኳር ወፍራም ስለሆነ ግን ከቅቤ ጋር ቶሎ አይዋሐድም። ከማሸታችሁ በፊት ብሌንደር ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ቆረጥ ቆረጥ አድርጉት። ዱቄት እስኪሆን አይደለም።

ሂሩት፦ ፖፒው። ይህ ዘር ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። ከመጠቀማችሁ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ ቅመሱ፤ ከመረረ ወይም ያረጀ ዘይት ከሸተተ ጣሉት። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የሚገባውን ደግሞ ከእርጎው ጋር ቀላቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ይለሰልሳል።

ዮናስ፦ ስለ ፖፒ ሳንነግራቸው የማናልፈው ጉዳይ አለ። ዘሩ የሚገኘው ኦፒየም የተባለው አደንዛዥ ዕፅ ከሚወጣበት ተክል ነው። ዘሩ ራሱ አያሰክርም፤ ቅሪቱ ግን የሽንት ምርመራ ላይ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ወታደሮቹ ፖፒ ዘር ያለበት ምግብ እንዲተዉ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ለሥራ የሚመረመር ሰው ካለ ይህን ኬክ በዚያ ሰሞን ባይበላ ይሻላል።

ሂሩት፦ ኤሚሬትስና ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። ዘሩ እዚያ ክልክል ነው፤ በሻንጣ ይዞ መግባት ብርቱ ጣጣ ያመጣል። እስራኤል ግን በየመደብሩ አለ። «ፔሬግ» ይሉታል፣ ፑሪም ለሚባለው የአይሁድ በዓል ኩኪስ መሙያ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ተፈጭቶ ነው የሚሸጠው። ለዚህ ኬክ ያልተፈጨውን ጠይቁ፤ የተፈጨው ሊጡን አመድማ ያደርገዋል።

ዮናስ፦ ላላገኘ ሰው ምን እንበል? ኑግ?

ሂሩት፦ ኑግ መልኩ ያሳስታል፣ ግን ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ጥርስ ላይ ይቀራል።

ዮናስ፦ ታምሶ ቢሆንስ?

ሂሩት፦ ታምሶም። እኔ ጥቁር ሰሊጥ ነው የምመርጠው፤ 25 ግራም፣ ትንሽ ታምሶ። ቀይ ጤፍም በመጠኑ ለፖፒ ይቀርባል፤ ተቆልቶ ሲገባ ይንኮሻኮሻል፣ ቅባቱ ግን የለውም። ተልባ ሊጡን ያልገዋል። ጥቁር አዝሙድ ያስገባ ሰው ካለ ደግሞ... ሎሚ ያለበት ድፎ ዳቦ ጋገረ ማለት ነው።

ዮናስ፦ ቅቤው የገበታ ቅቤ ብቻ፤ ለጋም ቢሆን የገበያ ቅቤ አይሆንም፣ ሽታው ሎሚውን ይውጠዋል። ከፍሪጅ ወጥቶ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ፣ ግን የማያብረቀርቅ መሆን አለበት። ከስኳሩ ጋር ሦስት ደቂቃ በሚክሰር ይመታል፣ ከዚያ ዘይቱ ይገባል። ባሕር ዳርቻ ላይ አምስት ደቂቃ ይምቱ፤ እዚህ ግን አየር ማብዛት ያንኑ መሰርጐድ መጥራት ነው።

ሂሩት፦ እንቁላሉ አንድ በአንድ ይገባል፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው የለቀቀ። ቀዝቃዛ ከሆነ ሊጡ እንደ አይብ ይቆራረጣል። ከተቆራረጠ ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉና ቀጥሉ። ጭማቂውንና ወተቱን እርጎው ላይ ጨምሩ፤ ቢወፍር አትደንግጡ። ከዚያ ዱቄቱ በሦስት ዙር፣ እርጎው በመካከላቸው በሁለት ዙር። ሚክሰሩ በዝቅተኛ ፍጥነት። የመጨረሻውን ዱቄት በእጅ፣ በስፓቱላ። ነጩ ከጠፋ አበቃ።

ዮናስ፦ ከዚያ በኋላ መምታት ግሉተኑን፣ ማለትም ሊጡን የሚያለጥጠውን የዱቄቱን ፕሮቲን፣ ያጠነክረዋል። ኬኩ ሲቆረጥ የትል መንገድ የመሰሉ ረጃጅም ቀዳዳዎች የሚታዩት በዚህ ነው። ሊጡ በትክክል ከወፈረ ፖፒው አይዘቅጥም፤ ሥሩ ላይ ከተጠራቀመ ሊጡ ቀጥኖ ነበር ማለት ነው።

ሂሩት፦ ሦስቱ መጋገሪያ ላይ በሚዛን አካፍሉ፣ ለእያንዳንዱ ወደ 460 ግራም ይደርሳል። ሥሩ ላይ ወረቀት ይነጠፍ። መሃለኛው መደርደሪያ። 20ኛው ደቂቃ ላይ ስቴኪኒ ሰክታችሁ እዩ፤ አንድ ሁለት ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ደርሷል። ጨርሶ ደርቆ እስኪወጣ መጠበቅ እዚህ ከፍታ ላይ ኬክ ማድረቅ ነው። ከ18 ደቂቃ በፊት በሩን አትክፈቱ።

ዮናስ፦ መብራት ቢጠፋስ? መጠየቃቸው አይቀርም።

ሂሩት፦ በሩን ዝጉና ተዉት፤ ኦቨኑ ሙቀት ይዟል። ከ15ኛው ደቂቃ በኋላ ከሆነ በያዘው ሙቀት ሊደርስ ይችላል። በ5ኛው ከሆነ ግን... ለሻይ ዳቦ ግዙ።

ዮናስ፦ (ይስቃል) ሲወጣ 10 ደቂቃ በመጋገሪያው፣ ከዚያ ተገልብጦ። ገና ለብ እያለ ላዩን በሎሚ ሽሮፕ መቀባት ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር ጭማቂና 60 ግራም ስኳር፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ይሞቅ። ለአንዱ ሌየር ሁለት የሾርባ ማንኪያ።

ሂሩት፦ እኔ አንድ ተኩል ነው የምለው። ከርዱም እርጥበት አለው።

ዮናስ፦ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሁለት! ብቻ ከሁለት አይለፍ፤ ሥሩ ይላሽቃል። ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሪጅ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። የቀዘቀዘ ኬክ ሲደረደር አይሰበርም።

ሂሩት፦ ከርዱ፦ ሁለት እንቁላልና ሁለት አስኳል፣ 150 ግራም ስኳር፣ 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፣ የአንድ ትልቅ ሎሚ ልጣጭ። በሚንተከተክ ውኃ ላይ በተቀመጠ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፤ አልሙኒየም ላይ ብረት ብረት ይላል። ሳታቋርጡ አማስሉ። ቴርሞሜትር ካላችሁ 78 ዲግሪ፤ ከሌላችሁ የማንኪያ ጀርባ ላይ ጣት ሲያልፍበት መንገዱ ሳይዘጋ ሲቀር። ከእሳት አውርዱ፣ በማጥለያ አጥልሉ፣ 80 ግራም ቅቤ ቆራርጣችሁ ጨምሩ። ከመረጋ እንቁላል የተነሡትን ነጫጭ እንክብሎች ማጥለያው ያስቀራቸዋል። ላስቲኩ ፊቱን ነክቶ ይሸፈን፣ ካልሆነ ይቆዳል።

ዮናስ፦ የቅቤ ክሬሙ ቀላል ነው፤ 250 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 400 ግራም የተነፋ የዱቄት ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ፣ ቆንጠር ጨው። ጭማቂው በጠብታ በጠብታ ይግባ፤ በአንዴ ሲፈስ ክሬሙ ይለያያል። ከተለያየ ጎድጓዳ ሳህኑን ትንሽ ለብ አድርጋችሁ እንደገና ምቱት።

ሂሩት፦ ሲደረደር ከርዱን በቀጥታ አታፍስሱ። የመጀመሪያው ሌየር ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የክሬም ግድብ ሥሩ፣ ከርዱ በመሃሉ ይግባ። ያለ ግድብ ከርዱ ወደ ጎን ይወጣል፣ ሌየሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ኬኩ ይዘማል። ለአንዱ መሃል አራት የሾርባ ማንኪያ ከርድ ይበቃል። ሦስተኛውን ሌየር ገልብጡት፣ ጠፍጣፋው ሥሩ ወደ ላይ ይሁን።

ዮናስ፦ ከዚያ ስስ ክሬም መላውን ተቀብቶ ፍርፋሪውን ይይዛል፣ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ፣ ከዚያ ዋናው ክሬም። ላዩ ላይ ፖፒ ብትበትኑ በጣም ጥቂት ይሁን።

ሂሩት፦ ለመቁረጥ ደግሞ ቢላውን በሙቅ ውኃ እየነከራችሁና እያደረቃችሁ። ከመቅረቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከፍሪጅ ይውጣ፤ ቀዝቃዛ የቅቤ ክሬም ሻማ ሻማ ይላል።