ሀጂ ሁለቴ ነካው

እሺ። ቀዩ በርቷል፤ እየተቀዳ ነው። ማራገቢያውን አጥፍቻለሁ። «የማራገቢያው ፖድካስት» የምትሉኝ ሰዎች ደስ ይበላችሁ። ድሬ በዚህ ሰዓት ያለ ማራገቢያ መቀመጥ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ላብ በላብ ሆኜ ነው የማወራው፤ ነገሬ ከተዘበራረቀ በሙቀቱ አሳቡልኝ።

ዛሬ ስለ ኮኔክሽን ስትሪንግ ላወራ ነበር፤ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን የት እንደሚያገኘው የሚነግረው ጽሑፍ። ቃል ገብቻለሁ፣ አውቃለሁ። ፕሮግራሙ እናንተ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሌላ ሰው ጋ ስትጭኑት «ዳታቤዙን አላገኘሁትም» ይላል። ከፍታችሁ ስታዩት የራሳችሁ ላፕቶፕ ስም ውስጡ ተጽፏል። በቃ፣ ያ ነው። ያ ክፍል አለቀ።

አሁን ከራሴ አልወጣ ያለውን ላውራ።

ልጁ። የትኛው ልጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያው «ቻርጀርህን አንዴ» ብሎ የሚጠፋው። ለሀጂ ሱቅ ፕሮግራም ሠርቷል። ሽያጭ ይመዘግባል፣ ስቶክ ይቀንሳል፣ ማታ የቀኑን ሂሳብ ያወጣል። በሲ ሻርፕ ቋንቋ፣ የዊንዶውስ መስኮቶች በሚሠሩበት በዊንዶውስ ፎርምስ። ሱቁ ታይዋን ነው፣ እዚሁ ድሬ ያለው ገበያ፤ የመብራትና የቧንቧ ዕቃ። እኔ አምፖል ልገዛ ነው የገባሁት። ልጁ ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ የሚመሰክርለት ሰው ያገኘ መሰለው መሰለኝ።

ሀጂ ወንበሩ ላይ ነው፣ ልጁ ከኋላው ቆሟል። አንድ ደንበኛ አንድ ጥቅል ሽቦ ገዝቷል። «ሀጂ፣ ሽጥ የሚለውን ንካ» አለው ልጁ። አንተ ብሎ ነው እንግዲህ፤ ድሬ ነው፣ አንቱታ የፈለገ ባቡር ይሳፈር። ሀጂ ነካ።

ምንም የለም።

ማለቴ፣ ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነው፤ ግን አይታይም። በተኑ፣ ያው የነካው ቁልፍ፣ አልደበዘዘም። «ጠብቅ» የሚል ነገር የለም። የማውሷ ቀስት እንኳን አልተለወጠችም። ሀጂ ልጁን በጎን አየው፤ ልጁ ስክሪኑን ነው የሚያየው። ሀጂ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ደግሞ ነካው። አቦ፣ ማን አይነካውም? በር አንኳኩታችሁ ዝም ሲባል ደግማችሁ አታንኳኩም?

ከዚያ መስኮቱ ነጣ። ስታክ አደረገ። አናቱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ»፣ መልስ አይሰጥም፣ የሚለው መጣ። ሀጂ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ ብድግ አደረገው። ጭኑ ላይ አስቀመጠውና «አበላሸሁት እንዴ?» አለ።

ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለቴ ነካኸው እኮ፣ ሀጂ።»

እዚህ ጋ ነው የቆምኩት። እስካሁን እዚያው ነኝ።

ቆይ፣ ጀማሪዎቻችሁ እንድትከተሉኝ። መስኮቱን የሚስለውም፣ ክሊክ የሚቀበለውም፣ ሌላ ካላዘዛችሁት በስተቀር የጻፋችሁትን ኮድ የሚሠራውም አንድ መስመር ነው፤ ዩአይ ትሬድ የሚባለው። ልጁ ደግሞ በተኑ ስር ሁሉን ነገር ከምሮበታል። አንድ ሽቦ በተሸጠ ቁጥር የሱቁን ዕቃ በሙሉ አንድ በአንድ ይዞራል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከዳታቤዙ ጋር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፣ ይጠይቃል፣ ይዘጋል። እሱ ላፕቶፕ ላይ የነበሩት «ዕቃ አንድ»፣ «ዕቃ ሁለት» እና «ፈተና» ናቸው። ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። የሀጂ ሱቅ ግን ከክር እስከ ቧንቧ መፍቻ የሌለው የለም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ ሃርድ ዲስኩ ሲያስብ ይሰማል።

ያ መስመር በሥራ ሲያዝ ክሊክ የሚቀበል የለም። ዊንዶውስ 5 ሰከንድ ያህል መልስ ካጣ «ይሄ መስኮት ሞቷል» ይልና የነጣውን ምስል በላዩ ላይ ይለጥፋል። አልሞተም እኮ፣ እየቆጠረ ነው! የሀጂ ሁለተኛ ክሊክ ደግሞ አልጠፋም። ከመንጣቱ በፊት ስለነካው ወረፋ ይዞ ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያው ሲያልቅ ተራው ደረሰ። ሽጥ። ሁለት ሽያጭ።

ይሄን ማን እንዳየ ታውቃላችሁ? ሀጂ። ስክሪኑ ሲመለስ ቁጥሩን አየና «ሁለት ይላል፤ አንድ ነው የሸጥኩት» አለ። ልጁም እኔም አላየነውም። ሀጂ ገና ሳይነካው ስንት እንደሚቀር በጭንቅላቱ ያውቃል። እና ይሄ ሰውዬ ነው «አበላሸሁት እንዴ» የሚለው!

«ሀጂ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» አልኩት። ወዲያው ነው ያልኩት። ሳቀብኝ። «ተወኝ ባክህ፣ እጄ ከባድ ነው» አለ። አላመነኝም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ነገር ሲነካ ወደ ልጁ ዞሮ «ይሄን?» ይላል። «ይሄን ልንካ?» በገዛ ሱቁ።

ደግሞ የዕቃው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ነበር። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በአማርኛ «ሽቦ» ብሎ ይጽፋል፤ ሴቭ አድርጎ ሲከፍተው ሁለት የጥያቄ ምልክት። ልጁ «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም» ብሎ ለሀጂ አስረድቶታል! ዳታቤዙ ውስጥ የስሙን ዓምድ ቫርቻር፣ የኛን ፊደል የማይዘውን ዓይነት፣ አድርጎት ነው። ኤንቫርቻር አድርገው። ጽሑፉን በጥቅስ እያስገባህ ኩዌሪው፣ ለዳታቤዙ የምትልከው ትእዛዝ፣ ውስጥ የምትሰፋ ከሆነ ደግሞ ከጥቅሱ በፊት ኤን ካልጨመርክ ያው ጥያቄ ምልክት ነው። ባትሰፋው ይሻላል፤ በፓራሜትር፣ ከትእዛዙ ለይተህ፣ አስገባ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ልጁ ያኔ አልተወለደም። ፊደሉ ምን አደረገ? እዚያ ሱቅ ውስጥ ያልተወቀሰው ኮዱ ብቻ ነው እኮ።

ግን ደግሞ… ልጁን ልሰቅለው አልፈልግም። ክላስ ውስጥ ፕሮጀክት ስታቀርብ የሚነካው ማን ነው? መምህሩ። ስንቴ? አንዴ። በተኑን ነክቶ «ጎበዝ» ብሎ ይሄዳል። የማያውቀው ሰው፣ ደንበኛ ቆሞበት፣ ላብ በያዘው እጅ ሲነካው ምን እንደሚሆን ማን አሳየው? ማንም።

አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። «ሲስተም የለም» አሉኝ። ሁላችሁም ተብላችኋል። ሁሌም ያናድደኛል። አሁን ሳስበው ግን «ሲስተም የለም» ቢያንስ እኔን አይወቅስም። ሲስተም የለም፣ ወንድሜ፣ ነገ ና። አንተ አበላሸኸው አላሉኝም። ከልጁ የሚሻሉት በዚህ… አይ፣ አይሻሉም። ምን እያልኩ ነው። ነገም ሲስተም የለም።

ወደ መፍትሔው። ልጁ ማታ ኢንተርኔት ላይ ዱ ኢቨንትስ የሚባለውን ትእዛዝ አገኘና ሉፑ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ የሚዞረው ኮድ፣ ውስጥ ወተፈው። «ተስተካከለ!» ብሎ ጻፈልኝ። አልነጣም፣ እውነት ነው። ግን ዱ ኢቨንትስ ማለት ሥራህ መሃል ላይ ቆመህ ወረፋ የያዘውን ክሊክ ማስተናገድ ነው። የመጀመሪያው ሽያጭ ሳያልቅ ሁለተኛው ውስጡ ይገባል። በፊት ተከታትለው ነበር፤ አሁን ተደራርበው። ከዚያ ሥራውን ሌላ ትሬድ ላይ አደረገው፤ ከዚያ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊቀይር ሲል «ክሮስ ትሬድ» የሚለው ቀይ ስህተት መጣበት። ያንን ስህተት ደግሞ እንዳይታይ የሚያጠፋ መስመር አገኘ። አቦ! ስህተቱን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን አጠፋው።

በቀላሉ ይሄን ነበር ያልኩት፦ ነካ ሲደረግ መጀመሪያ በተኑን ደግሞ እንዳይነካ አጥፋው። ከዚያ ስሌቱን በአሲንክ አዌት፣ መስኮቱ ሳይታገት ሥራው እስኪያልቅ በሚጠብቀው፣ ወደ ኋላ ላከው፤ ከ2012 ጀምሮ ሲ ሻርፕ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሲያልቅ በተኑን መልሰው፤ ፋይናሊ ውስጥ መልሰው፣ ስህተት ቢፈጠር እንኳን እንዲመለስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ዕቃውን ሁሉ አትዙር፣ የሸጥከውን አንዱን ቀንስ። አደረገው፣ ሠራ። ደስ አለኝ።

ሀጂ ሽጥን ነካ። በተኑ ደበዘዘ። ሀጂ እጁን አነሳ። «ምን አደረግኩት?» አለ።

…

እና ምን ልበል? «እየመዘገብኩ ነው» የሚል ጽሑፍ ይጨመር አልኩ። ሀጂ መነጽሩን ሱቅ አያመጣም። ድምፅ ይሁን? ታይዋን ውስጥ ማን ይሰማል። አላውቅም። እዚያ ላይ አላውቅም።

ልጁ ደግሞ ትናንት ደወለ። ሀጂ ቀሪውን ብር አልከፈለውም። «እኔ ስለምድ እከፍልሃለሁ» ብሎታል። ፕሮግራሙ ሲስተካከል አላለም እኮ፤ እኔ ስለምድ። ልቤ ተነካ ልላችሁ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ነጋዴ ነው ሰውዬው። ከኔ በፊት ስንቱን ቻይና አምፖል አከራክሮ የገዛ ሰው ነው። ምናልባት እጄ ከባድ ነው የሚለውም… ልጁ እንዲያውም «እየተጫወተብኝ ነው» ይላል።

ግን እጁን ያነሳበት አነሳስ ጨዋታ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ማለቴ ነው። ሁለተኛው… ሁለተኛው ላይ ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር? ልጁ ነው ከፊት ለፊቱ የነበረው፣ እሱን ልጠይቀው። አይ፣ አሁን በርጫ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም።