ባዶ የተውኳት መስመር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከሐዋሳ፣ ከቤቴ ነው የማወራችሁ። ውጭ እየዘነበ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከረበሻችሁ ይቅርታ።

ባለፈው ወር ቴራፒ፣ ማለትም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር፣ ጀምሬያለሁ። ስለ ቴራፒው ሌላ ጊዜ እናወራለን። ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ በፊት ስላለው ነው፤ ስለ ወረቀቱና ስለ ብሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቦታ ሞክሬ ነበር። ዝም ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ ቅጽ ሰጡኝ። ሰው በተደረደረበት አግዳሚ ላይ ሆኜ መሙላት ጀመርኩ። «የመጡበት ምክንያት» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ያያሉ። «ራስ ምታት» ብዬ ጻፍኩ። ውስጥ ስገባ ባለሙያው ስለ ራስ ምታቴ ጠየቀኝ፣ እኔም ስለ ራስ ምታት አወራሁ። ሰዓቱ አለቀ። ከፍዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ዘንድሮ አስቀድሜ ደወልኩ። «ቅጹን በቴሌግራም ትልኩልኛላችሁ?» አልኩ። ላኩልኝ፣ አራት ገጽ ነው። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ሲተፋው ልቤ ድው ድው ይላል። ልጁ ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጦ ሰጠኝ። ምንም አላለም። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ያችን ታህል ነበር የምፈልገው።

ይዤው ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሞላሁት።

አንዱ ገጽ ዘጠኝ ጥያቄ አለው። ፒኤችኪው 9 ይባላል፣ የድብርት ምልክቶችን የሚለካ ነው፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገራችን ተፈትኗል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፦ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣላችሁ፤ ቢበዛ 27 ይመጣል። ቁጥሩ ብቻውን በሽታችሁን አይወስንም። ባለሙያው ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያየው ነገር ነው፤ ከወራት በኋላም ለማነጻጸር ይጠቅማል። ዘጠነኛው ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። እሱ ላይ መልሳችሁ 0 ካልሆነ እባካችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያንኑ ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ።

የስምምነት ቅጹንም ሳትቸኩሉ አንብቡት። የምትናገሩት ሚስጥር ነው። ግን ሕይወታችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ ባለሙያው ዝም ላይል ይችላል። ይህን ከመጀመሪያው ማወቄ እኔን አረጋጋኝ እንጂ አላስፈራኝም። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ደግሞ ካርቶኑን ፎቶ አንሱት። ስሙ አፍ ላይ አይመጣም።

አሁን ወደ ብሩ። እኛ ይሉኝታ አለብን። ጤናችን ላይ «ስንት ነው?» ማለት ነውር ይመስለናል። ጠይቁ! አንዱ ቀጠሮ ስንት ነው፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ ብቀር እከፍላለሁ ወይ፣ ከስንት ሰዓት በፊት ልንገራችሁ? ብዙ ቦታ ከ24 ሰዓት በፊት ንገሩን ይላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ፣ እሱ በዋናነት የመንግሥት ተቋማት ላይ ነው የሚሠራው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ጀምሩ። እኔ የግል ነው የመረጥኩት። ዕቁብ ሲወጣልኝ የስድስት ቀጠሮ ብር ለይቼ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያውንም በዋዜማው በቴሌብር ከፍዬ ደረሰኙን ስልኬ ላይ ያዝኩ። ብር ባልለይ ኖሮ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የቤት ኪራይ ነበር የማሰላው። ራሴን አውቃለሁ።

ሁሉንም ሞልቼ አንዲት መስመር ቀረች። «በአስቸኳይ ጊዜ የሚጠራ ሰው፦ ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና።»

እናቴን ልጽፍ አልኩ። እሷ ሰምታ ስትደነግጥ ታየኝ። ጸበል እንሂድ ትለኛለች፤ እኔም ጸበሉን አልጠላም፣ ሄጃለሁም። ግን ሌሊት ተደውሎላት እንድትደነግጥ አልፈለግኩም። ጓደኛዬን አሰብኩ፤ ለእሷም አልነገርኳትም። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ የሐይቁን ዳር ዳር እየተንጎራደደ ነበር፤ እሱን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። ችግሬ ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ስልኬ ውስጥ ስንት መቶ ስም አለ፤ የምጽፈው አጣሁ።

ቅጹን ባዶ ይዤ ቤት ገባሁ። ሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አደረ። በአራተኛው ቀን ዲላ ያለችው ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ አንድ ወረቀት ላይ ስምሽን ልጽፍ ነው።»

«የምን ወረቀት?»

ነገርኳት። ዝም አለች። የቡናዋ ሙቀጫ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም ቆመ።

«ከነአባቴ ጻፊው» አለች። «ስልኬ ማታም አይዘጋም፣ እሱንም ጻፊበት።»

ቅጹ ላይ ለእሱ ቦታ የለም። ዳር ላይ በትንሹ ጻፍኩት፦ «ማታም አይዘጋም»።

የመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ ገጾቹን እያገላበጠች እዚያች ጽሑፍ ላይ ቆም አለች። «ይህችን ማን ጨመራት?» አለችኝ። ወሬያችን ከእሷ ጀመረ።