«ዕድሜ ልክ» ብሎ የፈረደብን ማን ነው?

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ለዛሬው ጉባኤ የተሰጠኝ ርዕስ «ጤናማ አመጋገብ ለስኳር ታማሚዎች» የሚል ነበር። ጽፌም ጨርሼ ነበር። ትናንት ማታ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን እኔኑ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጨው ቀንሱ፣ ተራመዱ፣ እግራችሁን በየማታው እዩ። ይህንንማ እናንተም እኔም በየዓመቱ እየሰማን በቃላችን ይዘነዋል። ስለዚህ ያንን ትቼ፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ወደኋላ ሊመለስ ስለመቻሉ የሚናገር ሌላ ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። ይቅርታዎን፣ ክቡር ሊቀመንበር።

ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለብኝ በተነገረኝ ቀን ከሐኪሜ የሰማሁት ይህን ነበር፤ «ይህ በሽታ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ዛሬ አንድ ክኒን፣ ቆይቶ ሁለት፣ መጨረሻው መርፌ ነው።» በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ። ሁላችንም ተብለናል፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ወጥተናል።

ሐኪሜ ይህን ሲለኝ ግን የሚያስተባብለው ጥናት ከታተመ ዓመታት አልፈውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው 11 ታማሚዎችን ለ8 ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየመገቡ ተከታተሏቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ በሳምንት ነው የምላችሁ፣ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ወደ ጤናማው ልክ ተመለሰ።

ለምን? ሰውነታችን ከቆዳ ሥር ስብ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲሞላበት ትርፉ ወደ ጉበት ይሄዳል። ስብ የወረሰው ጉበት፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ኢንሱሊን «በቃህ» ቢለው አይሰማም፤ እኛ ተኝተን ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደማችን ሲለቅ ያድራል። ማታ ምንም ሳንበላ ተኝተን ጠዋት ስኳራችን ከፍ ብሎ 180 የምናየው፣ ከዚያም «ተደብቀህ ምን በላህ?» ተብለን የምንመረመረው በዚህ ጦስ ነው። ከጉበት የተረፈው ስብ ደግሞ ቆሽት ላይ ይከማቻል፤ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ሥራ ይፈታሉ። ሞቱ ብለን ቀብረናቸው ነበር። ለካስ በሽታው ገና አዲስ በሆነባቸው ዓመታት ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ስቡ ሲነሳላቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ በደስታ ወደዚያው ሐኪሜ ሮጥኩ። ወረቀቱን በእጁ እንኳ አልነካውም። «ራስህን ልታስርብ ነው? አይሆንም» አለኝና ቀጣዩን ታማሚ ጠራ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ትመሰክራለች። በራሴ ጀመርኩት። በቀን ጥቂት አትክልት፣ ትንሽ ሾርባ፣ ብዙ ውሃ። ታዛዥ ታማሚም ነኝና ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒኔን አንድ ቀን ሳላጎድል ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። የማታዘዘው በምግቡ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የልጄን ስም ልጠራ ፈልጌ የማን ስም እንደጠራሁ አላውቅም። ልጄ ደርሶ መለኪያውን ጣቴ ላይ ሲያሳርፍ ስኳሬ እጅግ ወርዶ 46 አለ። ስኳር በውሃ በጥብጦ አጋተኝ። ለዓመታት ስሸሸው የኖርኩት ስኳር በዚያች ቀን ነፍሴን አተረፈኝ፤ አሁን ስናወራው እንስቃለን፤ ያን ቀን ግን ልጄ ሲያለቅስ ነበር።

ወደ ሐኪሜ ተመለስኩ። «ብዬህ አልነበረም?» አለኝ።

አዎ፣ ብለኸኝ ነበር! ያላልከኝ ግን «ይህን ከጀመርክ ያን ክኒን አቁም» የሚለውን ነው! እኔን የጣለኝ ረሃቡ አይደለም። ግሊቤንክላማይድ ብንበላም ባንበላም ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። ይህን እኔ አላውቅም፤ እሱ ያውቃል። የማወቅ ሥራው የእሱ ነበር። በሩን ዘግተው በመስኮት ስንገባ «ተሰበራችሁ» ብለው የሚገሥጹን፣ በሩን ማን ዘጋው?

በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘሁ። እሷም ነገሩ አዲስ ሆኖባት ነበር፤ ግን «ስጠኝና ላንብበው» አለችኝ። ይህች አንዲት ቃል ናት ልዩነቱ። በሳምንቱ ስመለስ ዓይኔንና ኩላሊቴን አስመረመረችኝ፤ በምጀምርበት ቀን የስኳር ክኒኖቼን አስቆመችኝ፤ የደም ግፊት ክኒኔንም ግፊቴን እየለካች ቀነሰችልኝ፤ ክብደት ሲወርድ ግፊትም አብሮ ስለሚወርድ፣ ክኒኑ ካልተቀነሰ ሰው ቆሞ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ለ12 ሳምንት በቀን አራት ጊዜ በውሃ የሚበጠበጥ፣ ፕሮቲኑና ቪታሚኑ ተሟልቶ የተሠራ ዱቄት ብቻ ጠጣሁ፤ ድምሩ 800 ካሎሪ ገደማ ነው።

ቀላል ነበር አልላችሁም። ሦስተኛው ቀን ራሴን ለሁለት ከፈለኝ። ሆዴ ደረቀ፣ ሰው ሁሉ ሲሞቀው እኔን ይበርደኛል። ከወጥ ቤት የሚመጣው ሽታ ዘመድ ከሞተበት ሰው በላይ አስለቀሰኝ ብል ብዙም አላጋነንኩም። የሚገርመው ረሃቡ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ እየለዘበ መሄዱ ነው። የከበደኝ ሆዴ ሳይሆን ሰዉ ነበር፤ «አንድ ጉርሻ ምን ታደርግሃለች?» የሚለው። በ12ኛው ሳምንት 16 ኪሎ ቀንሼ ነበር። የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ ከ8.4 በመቶ ወደ 6.1 በመቶ ወረደ፤ ያለ አንድ ክኒን።

«የአንተ ዕድል ነው» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ የተካሄደው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ውጤት ታተመ። በሽታው ከተገኘባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወጉ ሰዎች ናቸው የተጠኑት። ይህን አመጋገብ ከተከተሉት 149 ሰዎች በዓመቱ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከልኩ በታች ሆነ፤ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት 4 በመቶ ብቻ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶው። ይህ የተደረገው በግዙፍ ሆስፒታል አይደለም፤ ነርሶችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነው የሠሩት። የአቅም ነገር ነው የምትሉን፣ እባካችሁ ይህን ስሙ!

የማይጥመውንም ልናገር። ሁለተኛው ዓመት ላይ 46ቱ 36 ሆነ፤ በአምስተኛው ዓመት ክትትሉን ከቀጠሉት መካከል እንደዚያው የቆዩት ከስምንት አንድ ያህሉ ናቸው። ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል። ስለዚህ «ዳንኩ» አትበሉ፤ ምርመራውንም አታቋርጡ።

ለሁሉም የሚሆን ነገርም አይደለም። ዓይነት አንድ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ በቅርቡ የልብ ድካም የገጠመው አይሞክረው። ኢንሱሊን የምትወጉም ሆነ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡትን ክኒኖች የምትውጡ ያለ ሐኪም ብትጀምሩ አደጋ አለው። የሐሞት ጠጠርና ሪህም ሊቀሰቅስ ይችላል። ዱቄት ሻጮችንም ተጠንቀቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥራት በጎደለው የፈሳሽ ፕሮቲን ክብደት ሲቀንሱ ልባቸው ቆሞ የሞቱት በደርዘን ይቆጠራሉ።

ከፊት ለተቀመጣችሁት ባለሙያዎች ጥያቄዬ አንድ ነው። አዲስ ታማሚ ፊታችሁ ሲቀመጥ ይህ መንገድ እንዳለ ንገሩት። ልሞክር ካለም መድኃኒቱን አስተካክሉለት። አይሆንህም የምትሉት ከሆነ ለምን እንደማይሆነው አስረዱት።

እኔ ከዚያ ወዲህ አምስት ኪሎ መልሼ ጨምሬአለሁ። የሦስት ወሩን ስኳር የምለካው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ራሴ እለጥፈዋለሁ። አመሰግናለሁ።