ለባንዱ ማን ስም ያውጣለት?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ባንድ ስም ላወራችሁ ነው።

አዲስ ባንድ ሲመሠረት የመጀመሪያው ጠብ በገንዘብ የሚነሳ ይመስላችኋል? ገንዘቡ ገና መቼ መጣና! የመጀመሪያው ጠብ በስም ነው። ድራመሩ አንድ ስም ያመጣል፣ ኪቦርዲስቱ ይስቃል፣ ዘፋኟ "እኔ በዚህ ስም መድረክ ላይ አልወጣም" ትላለች። ከዚያ ልምምዱ ይቀርና ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቶ ቃል ይፈልጋል።

ነገሩን ያነሳሁት የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ ስላቋቋመ ነው። አምስት ናቸው። ማሲንቆን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ያዋህዳሉ፣ ደህና አድርገው ይጫወታሉም። ስም ግን የላቸውም። "ጋሼ፣ አንተ ስንት ባንድ አይተሃል፤ እስቲ አንድ ነገር በለን" አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ ሥራ ከሚክሰር ኋላ መቆም ነው። ሠርግ ላይም ክለብ ውስጥም ድምፅ እሠራለሁ። የባንድ ስም ኤምሲ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በየሳምንቱ እሰማለሁ።

በቴሌግራም የላኩልኝን ዝርዝር አየሁት። ብርሃን አለ፣ ንጋት አለ፣ ተስፋ አለ፣ ኅብር አለ፣ ዘላለም አለ። ግማሹ የመዘምራን ቡድን ይመስላል፣ ግማሹ የቁጠባና ብድር ማኅበር። እያንዳንዱ ስም ሥር ደግሞ ማብራሪያ ተጽፏል። ይኼ የድሮውንና የአዲሱን መገናኘት ያሳያል፣ ያኛው የትውልዱን ጥያቄ ይወክላል... ኧረ ተዉኝ! ሰው ቢራውን ይዞ ቆሞ ማብራሪያ አያነብም።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በእኛ አገር ሙዚቀኞች ራሳቸው ተቀምጠው ለራሳቸው ስም ማውጣት የጀመሩት ብዙ ቆይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አስመጡ። ኬቮርክ ናልባንዲያን እየመራቸው የናስ መሣሪያ ይነፉ ነበር። ሰው ምን ብሎ ጠራቸው? አርባ ልጆች። በቃ። ቆጥሮ ጠራቸው። ማንም ስብሰባ አልተቀመጠም፣ ማንም ማብራሪያ አልጻፈም። መቶ ዓመት አለፈ፣ ዛሬም ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አጀማመር የሚያወራ ሰው ሁሉ አርባ ልጆች ሳይል አያልፍም።

ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ መጣ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የምድር ጦር ኦርኬስትራ። እነዚህ ስሞች የሚነግሯችሁ ደመወዝ ከፋዩን ነው። ቀጥሎ የሆቴል ባንዶች ዘመን ሆነ። ራስ ሆቴል የሚጫወተው ራስ ባንድ፣ ዋቢ ሸበሌ የሚጫወተው ሸበሌ ባንድ። ለሆቴሉ ነፃ ማስታወቂያ ነበር። ለሙዚቀኛው ግን ነገ ሆቴሉ ቢያሰናብተው ስሙን በር ላይ ትቶ ሊወጣ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። መጀመሪያ ላይ ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ሶል ኤኮስ አሉ፣ ቬነስ አሉ። ሸክላው የሚመጣው ከዚያ፣ ስሙም ከዚያ። ቀጥለው ግን ዋልያስ መጣ፣ አይቤክስ መጣ፣ ዳህላክ መጣ፣ ሮሃ መጣ። እነዚህን አራት ስሞች ጮክ ብላችሁ በሏቸው እስቲ። ዋልያስ። አይቤክስ። ዳህላክ። ሮሃ። አንዱም አያደናቅፍም። ዋልያ የሰሜን ተራሮች እንስሳ ነው፣ ዳህላክ ቀይ ባሕር ላይ ያለ ደሴት ነው፣ ሮሃ የላሊበላ የድሮ ስም ነው። ካርታ ላይ በጣት የምታሳዩት ወይ በዓይናችሁ የምታዩት ነገር። ተስፋን ማን አይቶት ያውቃል?

በነገራችን ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዋልያስ ሒልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ተፎካካሪ ናቸው። ሁለቱም የተሰየሙት በዚያው በቀንዳሙ የተራራ ፍየል ነው። አንዱ በአማርኛ ጠርቶት የፈረንጅ ኤስ ቀጠለበት፣ ሌላው በፈረንጅ አፍ ጠራው። ዛሬ ሁለት የአዲስ አበባ ባንዶች እንዲህ ቢያደርጉ ፌስቡክ ላይ የሚነሳውን አቧራ አስቡት።

ልጆቹ ያላሰቡት ሌላ ጉዳይ ነበር። የእኛ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ከድምፃዊ ስም ጎን ነው። ካሴቱ ላይ ድምፃዊው በትልቁ ይጻፋል፣ ባንዱ ከሥር በትንሹ። ማህሙድ አህመድ ኧረ መላ መላን እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረጸው ከአይቤክስ ጋር ነው። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ሰው ሆኖ ሳለ ወደ ሐረር ጉዞን የሠራው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። "ከአይቤክስ ባንድ ጋር"፣ "ከዳህላክ ባንድ ጋር"። ጆሮ ላይ ይቀመጣል። ስማችሁ ሦስት ቃል ሆኖ ዘፋኙ ደግሞ ስሙን ከነአባቱ ሲያስገባ ፖስተሩ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይሆናል።

ሮሃ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአይቤክስ ዋና ዋና ተጫዋቾች፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ሰላም ሥዩም ይዘው፣ በኋላ በሮሃ ስም ቀጠሉ። የታወቀ ስም ትተው በአዲስ ስም! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሮሃን ስም ግን ያወጣው ካሴቱ ይመስለኛል። በሰማንያዎቹ ስንት ቤት ውስጥ ስንት ካሴት ላይ ያ ስም እንደነበረ የእናንተን አባትና እናት ጠይቁ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሽ ተነፈሱ። ስሙ ዕጣ ፈንታችሁ አይደለም፣ ስትጫወቱ ሰው የሚይዛችሁ እጀታ ነው አልኳቸው።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ስሙ ለአበሻውም ለፈረንጁም አፍ መመቸት አለበት። ቦስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ዳኒ መኮንን ያቋቋመው ባንድ ደቦ ተባለ። ብዙ ሰው ያለበት ባንድ ነው፣ ቫዮሊኑ፣ አኮርዲዮኑ፣ ሳክሱ፣ ሱሳፎኑ ሁሉ አንድ መድረክ ላይ። ደቦ ካልተባለ ምን ሊባል ነበር? ፈረንጁም ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ሳይቸገር ይጠራዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ፊደል ባንድ በላቲን ሲጻፍ ከኤፍ ቀጥሎ ሁለት ኢ አለው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ ግን በአንድ አይ ብቻ ቢጽፉት ፈላጊው ካስትሮ ላይ ይወድቅ ነበር። ፓሪስ ደግሞ አካሌ ውቤ የሚባል ባንድ አለ። ፈረንሳዮች ናቸው። ስሙን የወሰዱት ከጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን ሥራ ነው። ፈረንሳዊ "አካሌ ውቤ" ሲል መስማት ለራሱ ሌላ መዝናኛ ነው።

አገር ቤት ደግሞ ከቅርብ ጊዜዎቹ ጃኖን አደንቃለሁ። ሮክ የሚጫወት ባንድ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ኤርታሌ ብሎ ያወጣ። ጃኖ ባለ ቀይ ጥለቱ የመኳንንት ልብስ ነው። በዚያ ላይ የተጣመመ የጊታር ድምፅ ጣሉበት። ስሙና ድምፁ ትንሽ ይጋጫሉ፣ ለዚህ ነው የሚይዛችሁ። ማሲንቆ ያለበት ባንድ ስሙን "ባህል" ቢል ግን ምን አዲስ ነገር ነገረኝ?

አሁን ወደ ዘመኑ ጣጣ እንምጣ። ፍለጋ። ዛሬ ዋልያ ብላችሁ ፈልጉ። ብሔራዊ ቡድናችን ይመጣል፣ ቢራው ይመጣል፣ እንስሳው ራሱ ይመጣል። የሒልተኑ ባንድ ከነዚህ ሁሉ ኋላ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። እነሱ ቀድመው ስለሰየሙ አይፈረድባቸውም። ዛሬ የሚጀምር ልጅ ግን መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ ይጻፈው። ከልጆቹ አንዷ "ማሾ" የሚል ስም አምጥታ ነበር፣ ያቺን የጋዝ መብራት አስባ። ወደድኩት። አጭር ነው፣ ቤት ያስታውሳል። ስንፈልገው ግን የመጣው የጥራጥሬ ዋጋ ነው። በኩንታል። ልጅቷ ስልኳን ዘጋች።

ፊደሉም አለ። ሙዚቀኛ ሁሉ የሚወደው ቃል ቅኝት ነው። በላቲን ጻፉልኝ እስቲ። ቅን በኬ ነው በኪው? ኝን በኤን ዋይ ነው በጂ ኤን? አምስት የባንድ አባል አምስት ዓይነት ይጽፋል፤ አድማጩ ስድስተኛውን ጽፎ ያጣችኋል። በራሳችን ፊደልም ቢሆን ከጣጣ አታመልጡም። ፀሐይ የሚለውን አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ሁሉም ትክክል ነኝ ይላል። ስለዚህ ልጆቹን ሞክሼ ፊደል ያለበትን ስም ሁሉ ሰርዙ አልኳቸው። ዝርዝሩ ግማሽ ሆነ።

የቀረውን በማይክ ሞከርነው። ልምምድ ቤታቸው ሄጄ ማይኩ ላይ ብዙ ኤኮ ጫንኩበት፣ ልክ የሠርግ አዳራሽ እንደሚሆነው። ከዚያ አንዱ እንደ ኤምሲ እየጮኸ ስሞቹን ይጠራል፣ ሌሎቹ ውጭ ቆመው የሰሙትን ይጽፋሉ። የታክሲ ረዳት "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" ሲል ማንም ሳሪስ ብሎ አይሰማም፤ የምፈልገው እሱን ነው። ከተሰረዙት ለሙከራ የጠራነው "ኅብረ ዜማ" ውጭ ሲደርስ "ክብረ ዜማ" ሆነ፣ አንዷ ጋ ደግሞ "ዝምድና"። "ንጋት" ጭራሽ ጠፋ፣ "ጋት" ብቻ ቀረ። ረጅም አናባቢ ያለው፣ መጨረሻው ክፍት የሆነ ስም ግን ግድግዳውን አልፎ ወጣ። ሮሃ ለምን እንደሚያምር ያን ቀን ገባኝ፤ ሲጮኹበት ይከፈታል።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ልበል፣ ቶሎ እጨርሳለሁ። ስም በንግድ ምልክት ይመዘገባል። አዋጁ ቁጥር 501/1998 ነው፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። የሚሄዱት ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ቁም ነገሩ በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ነው። አብዛኛው ባንድ "አንተ ቀልጣፋ ነህ፣ ሂድ ጨርስልን" ብሎ አንዱን ይልካል። የተላከው በራሱ ስም ያስመዘግባል። ሲጣሉ አራቱ መሣሪያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ስሙ ከአንዱ ጋር ይቀራል። እኔ ራሴ የሠራሁለት አንድ ባንድ እንዲህ ሆኖ፣ ሥራውን የሚያውቁት ልጆች በአዲስ ስም ከዜሮ ጀመሩ፣ ስሙን የያዘው ደግሞ ሌሎች ልጆች ቀጥሮ ሠርግ ይሠራበታል። ባለሠርጉ ምን ያውቃል? ስሙን ነው የሚቀጥረው። ስለዚህ ገና ስትዋደዱ ወረቀት ተፈራረሙ፣ አምስታችሁም።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ የቀረው አንድ ስም ነው። "ሰኞ ማክሰኞ።" አዎ፣ ያ ልጅ ሆነን መሬት ላይ በከሰል አስምረን በአንድ እግር የምንዘለው ጨዋታ። ያመጣው ማሲንቆ ተጫዋቹ ነው፣ ከሁሉም ዝምተኛው። ሞክሼው ሰ አለበት፣ ይሁን ብዬ አለፍኩት። ኤኮ ውስጥ አይጠፋም። ማብራሪያ አይፈልግም፤ የሰማው ሁሉ ፈገግ ይላል፣ እግሩም ትንሽ ይነሳል። አጭር ይሁን ስል የከረምኩት ሰው ሁለት ቃል ወደድኩ፤ ምን ላድርግ፣ አፍ ላይ እንደ አንድ ነው የሚወጣው።

ድራመሩ ግን አልተዋጠለትም። ምክንያቱንም ንቆ ማለፍ አይቻልም። አንድ ክለብ ስለ ሥራ ለመነጋገር ደውሎ ነበር። "ማን ልበል?" ሲሉት "ሰኞ ማክሰኞ ነን" አላቸው። "አይ፣ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነን፣ ሐሙስ ከሆነ ግን እንነጋገር" ብለውታል። አሁን ሐሙሱን ይዘዋል፣ ስሙን ግን ገና አልወሰኑም። ድራመሩ ሰው ይሳሳታል፣ ሰኞ መጥቶ በር ተዘግቶ ያገኛል ይላል። እኔ ደግሞ ፖስተሩ ላይ "ሰኞ ማክሰኞ፣ ዘወትር ሐሙስ" የሚል አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አሳየኝ እላለሁ። እሁድ ድምፅ ይሰጣሉ። እኔ ድምፅ የለኝም፣ ያለኝ ሚክሰር ብቻ ነው። ውጤቱን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።