ስልኩን ማን ይደውል?

ሜሮን፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ሶሻል ወርከሮች፣ ማለትም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች፣ ባለጉዳዮቻቸው ችግራቸውን እንዲፈቱ እንዴት ነው የሚያግዙት የሚል ነው። ዮናስ፣ ከመጀመራችን በፊት ግን የአጎቴን ነገር ልንገርህ።

ዮናስ፦ ንገሪኝ፣ ርዕሱ የትም አይሄድም።

ሜሮን፦ አጎቴ ወገቡን ታሞ ሥራ አቆመ። ከዚያ ኪራይ ተጠራቀመ፣ ከልጁ ጋር ተኳረፉ፣ እንቅልፍ ጠፋ። ደብዳቤ ይመጣል፣ አይከፍተውም፣ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ቤተሰቡ ደግሞ ሁሉም መካሪ ነው። አንዱ "ቤት ቀይር"፣ ሌላው "ከልጅህ ታረቅ"፣ ሌላው "ጠበቃ ያዝ"። በኋላ የሚታከምበት ቦታ ከአንዲት ሶሻል ወርከር ጋር አገናኙት። ሁሉንም ሳታቋርጠው አዳመጠችው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው። "ከዚህ ሁሉ ዛሬ ማታ እንቅልፍ የሚነሳዎት የቱ ነው?"

ዮናስ፦ ኪራዩ ነዋ!

ሜሮን፦ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የመሰለን። እሱ ግን "መሳቢያው" አላት።

ዮናስ፦ እንዴ! መሳቢያው?

ሜሮን፦ ውስጡ ምን እንዳለ አለማወቁ ነው የሚያስጨንቀው። ስለዚህ በዚያን ቀን ኪራይ የሚባል ነገር አልተነሳም። ደብዳቤዎቹን አውጥተው በቀናቸው ደረደሩ፣ የቅርቦቹን ብቻ ከፈቱ፣ አለቀ። እና አንደኛው ደብዳቤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ማመልከቻ ካስገባ የኪራይ ድጋፍ ሊያገኝ እንደሚችል የሚገልጽ።

ዮናስ፦ ያ ሁሉ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ! ከዚያ እሷ ደውላ ጨረሰችለት።

ሜሮን፦ አልደወለችም! የደወለው እሱ ነው። ምን ብሎ እንደሚጀምር አብረው ተለማመዱ፣ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ አለች። ሲጠፋበት ወረቀቱን በጣቷ ታሳየዋለች። እኔ ይህን ስሰማ በጣም ነው የተነካሁት።

ዮናስ፦ እኔ ደግሞ አልዋጥልህ አለኝ። አሠራሩን ታውቃለች፣ ቢሮውን ታውቃለች። በ5 ደቂቃ የምትጨርሰውን ነገር የታመመ ሰው ለምን ይጨነቅበታል?

ሜሮን፦ ቀጣዩ ደብዳቤ ሲመጣስ? እሷ እኮ ሁልጊዜ አትኖርም። ችግሩን ብትፈታለት አንድ ችግር ተፈታ። እሱ ራሱ ሲፈታው ግን የሚቀጥለውንም ይሞክረዋል።

ዮናስ፦ መደወል የሚችል ሰው ከሆነ። ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ ቋንቋው የማይገባው፣ ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው አለ። እሱንም "ተለማመድና ደውል" ልትዪው ነው?

ሜሮን፦ የለም፣ እሱ ሌላ ነው። አደጋ ካለ ደኅንነት ይቀድማል። ልጅ እየተጎዳ ከሆነ ምስጢር መጠበቅ ራሱ ገደብ አለው፣ ይህንንም ጥሩ ሶሻል ወርከር ገና ሲገናኙ ነው የምትነግርህ። እኔ የምለው አደጋ በሌለበት ጊዜ ውሳኔው የባለጉዳዩ ይሁን ነው።

ዮናስ፦ እሺ፣ ግማሹን ተቀብያለሁ።

ሜሮን፦ ግማሹ ይበቃኛል። ይኸውልህ፣ ይህ የአንዲት ሴት ብልሃት ብቻ አይደለም። ሔለን ሃሪስ ፐርልማን የምትባል የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህርት በፈረንጆቹ 1957 ሥራውን ችግር የመፍታት ሂደት አድርጋ ጻፈችው። አንድ ሰው ችግር ይዞ፣ ዕርዳታ ወደሚሰጥበት ቦታ ይመጣል፣ እዚያ ከባለሙያው ጋር አንድ ሂደት ይጀምራል። ትልቁን ችግር ቆራርሶ ከአንዱ ቁራጭ መጀመር የሚለውም እሷ አጥብቃ የያዘችው ነገር ነው። መሳቢያው ቁራጩ ነው! ይገባሃል?

ዮናስ፦ መሳቢያው ዛሬ አይለቀንም።

ሜሮን፦ አይለቀንም! ብዙ ሰው ሶሻል ወርከር መፍትሔ በቦርሳው ይዞ የሚመጣ ይመስለዋል። የሥራው ትልቁ ክፍል እኮ ችግሩ የቱ እንደሆነ አብሮ መለየት ነው። ሰውየው ያለውን አቅም፣ ዙሪያው ማን እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ምን ሞክሮ ምን እንደሠራለት። ከዚያ ነው ዕቅድ የሚመጣው፣ ዕቅዱም "ሕይወቴን አስተካክላለሁ" ሳይሆን "እስከ ሐሙስ ይህንን ቅጽ እሞላለሁ" የሚል ነው። ሐሙስ ይገናኛሉ፣ ካልሞላውም ምን እንዳስቸገረው ያያሉ እንጂ አይቆጡትም።

ዮናስ፦ ቁጥር የሚጠይቁትስ? ከ0 እስከ 10 የሚሉት?

ሜሮን፦ እሱን እወደዋለሁ! ስቲቭ ደ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ የሚባሉ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች ካዳበሩት አሠራር የመጣ ነው። "ዛሬ ስንት ላይ ነዎት?" ይሉሃል። "3" ትላለህ። "ለምን 3 ብቻ?" አይሉህም። "0 እንዳይሆን ያደረገው ምንድን ነው?" ነው የሚሉህ። ሰውየው የያዘውን ነገር ራሱ ያገኘዋል።

ዮናስ፦ ቆንጆ ነው። ግን ልመልስሽ። ችግሩ ሰውየው ውስጥ ባይሆንስ? ጄን አዳምስን ታውቂያታለሽ፣ በፈረንጆቹ 1889 ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ የሚባለውን የሰፈሩን ሰው የሚያግዝ ቤት ከጓደኛዋ ጋር የከፈተችው። ሰፈሩ በቆሻሻ ተጨናንቆ ነበር፣ የሚያነሳው የለም። ለእናቶቹ "ልጆቻችሁን እጠቡ" ብሎ መምከር ምን ዋጋ አለው? በ1895 ራሷ የአካባቢው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመችና ሠራተኞቹን መከታተል ጀመረች።

ሜሮን፦ እውነትህን ነው፣ ይህም የሥራው አካል ነው።

ዮናስ፦ ስለዚህ አጎትሽ ስልክ መደወል ቢማርም ደብዳቤውን የጻፈው ቢሮ መማር አለበት ባይ ነኝ። ሰው ፈርቶ የማይከፍተው ደብዳቤ ለምን ይጻፋል? ጥሩው ዜና እኮ እዚያው ውስጥ ነበር።

ሜሮን፦ በዚህስ አልከራከርህም። ሶሻል ወርከሯም ለቢሮው ያንኑ ጽፋለች። ደብዳቤው ሲጀምር ድጋፍ እንዳለ ይናገር፣ ማስጠንቀቂያው ከዚያ ይምጣ ብላ።

ዮናስ፦ አየሽ! እሱን ግን ራሷ ነው የጻፈችው፣ አጎትሽን አላጻፈችውም።

ሜሮን፦ ፈቃዱን ጠይቃ ነው! ስሙንም አላነሳችም። ይህን በሚቀጥለው እንጨርሰዋለን። ሶሻል ወርከር የሆናችሁ አድማጮች ጻፉልን፣ ባለጉዳያችሁ እንዲደውል የምታደርጉት መቼ ነው፣ ራሳችሁ የምትደውሉትስ?