ጓርኒሲዮኑ ለምን ተቃጠለ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ቅዳሜ ጠዋት በሬዲዮ ስለ አሮጌ መኪና ጓርኒሲዮን ስናወራ ስልኩ አላቆም አለ። ጓርኒሲዮን ማለት ሁለት የሞተር ክፍሎች ሲገጣጠሙ መሃላቸው ገብቶ ዘይት፣ ውሃና ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ነው። ሰዓቱ አለቀ፣ ደዋዩ አላለቀም። መልሱን ያቋረጥኩባችሁ አላችሁ፣ ጭራሽ ያልደረሳችሁም አላችሁ። ቀሪውን እዚህ ልጨርሰው። መቼም ድሬ ነው፤ «አቦ አንተ ሰውዬ» ብላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ። እኔም አንተ፣ አንቺ እያልኩ እመልሳለሁ።

«ቶዮታ ዲኤክስ አለኝ። ከሞተሩ አናት ዘይት ያልበዋል። ሲሞቅ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ብሎኑን ባጠብቀው ባሰበት። እኔው ልቀይረው?» ከሳቢያን የደወለ ወጣት

አንተው ቀይረው። ይሄ የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ጭንቅላት ነው። ከራሱ ከቴስታታው ጓርኒሲዮን ጋር እንዳታምታታው፤ አንዱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፣ ሌላኛው ሌላ ታሪክ ነው።

ስታጠብቀው የባሰበት ክዳኑ ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ነው። ብሎኑ ያለበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ሌላው ጠርዝ ይነሳል። ዘይቱም በተነሳው በኩል ይወጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አውጣ። የደረቀውን ቡሽ፣ ማለትም አሮጌውን ጓርኒሲዮን፣ በፕላስቲክ ፋቂ አንሳው፣ ፍርፋሪ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ጨርቅ አንጥፍበት። ከዚያ ክዳኑን መስታወት ላይ ድፋው። በስሩ ብርሃን ካየህ ጠርዙ ተጣሟል። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርገህ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ መልሰው።

አዲሱን ቡሽ ደረቁን አስቀምጥ። ብሎኖቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ ያዝ። ቡሹ በጎን ወጣ ማለት ሲጀምር አቁም። ሲሊኮን እንደ ቅቤ የሚለቀልቁ አሉ። ወደ ውጭ የወጣው ይታያችኋል፤ ወደ ውስጥ የወጣውስ? ተቆርጦ ይወድቅና ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ከክዳኑ ወደ አየር ማጣሪያው የምትሄደውን የጎማ ቱቦ አውጥተህ ንፋባት። ከተደፈነች ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፣ ያገኘውን ጓርኒሲዮን ሁሉ እየገፋ ዘይት ያስወጣል። ቱቦዋን ሳያይ ጓርኒሲዮን ሦስት ጊዜ የቀየረ ሰው አውቃለሁ። በወጣትነቴ። እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ 404 ፔጆዬ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ይፈላል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው ብለውኛል። ከልጄ ጋር ግቢ ውስጥ ልንፈታው አስበናል።» ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የደወሉ አባት

ለእርስዎ ግን አንቱ ነው የምለው፤ የሐረር ፔጆ ባለቤት ይከበራል።

አባቴ፣ ደንገጎ ላይ መፍላት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይጮኻል፣ መኪናው ቀስ ስለሚል ንፋስ የለም። ውሃውም ከፍታ ሲጨምር ቶሎ ይፈላል፤ ክፍት ድስት ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ከፈላ፣ ደንገጎ አናት ላይ በ93 አካባቢ ይፈላል። በዚህ ላይ የድሬ ውሃ አለ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቁታል። ያው ድንጋይ ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይፈትኑ። ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ጋዝ ከሲሊንደር እየገባ ነው። ክዳኑን ገጥመው ሲያስነሱት ደግሞ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ወይም መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር ውሃው እየጎደለ ከሆነ፣ ያሉዎት እውነት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከሌሉ ራዲያተሩን ያሳጥቡ፣ የፋኑን ቺንጋና የክዳኑን ጎማ ይዩ። የክዳኑ ጎማም ጓርኒሲዮን ነው፤ ከሁሉም ርካሹ።

እሺ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው እንበል። 404 ፈረንሳይ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ጋር አንድ አካል አይደሉም፤ ተነቃይ ናቸው፣ ውሃ በዙሪያቸው ይዞራል። ከስራቸው የራሳቸው ማሸጊያ አለ። ቴስታታውን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ከሳቡት ተጣብቀው አብረውት ሊነሱ ይችላሉ። ያኔ ማሸጊያው ይለቃል፣ ውሃው ኮፓ ውስጥ ይገባል፣ ሥራው ከአናት ወደ ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቴስታታውን ወዲህና ወዲያ ወዝወዝ አድርገው ያላቁት። ከተነሳ በኋላ ሲሊንደሮቹን በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ወደ ታች ጠፍረው ይያዟቸው። ይህ ሳይሆን ሞተሩን አያዙሩ። ልጅዎ «ፒስቶኑን ልየው» ብሎ እንዳያዞረው።

ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። በሙቀቱ ከፈቱት ይጣመማል፤ ሌሊቱን ያሳድሩት። ብሎኖቹን ከዳር ጀምረው ወደ መሃል፣ በየተራ ያላሉ። ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ስለው ቀዳዳ ያውጡ፣ እያንዳንዱን ብሎንና ቫልቮላ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች) የሚገፉትን ዘንጎች በየቦታቸው ይሰኩ። ቀላል ይመስላል፤ ግቢ ውስጥ ዶሮና ሕፃን ካለ ግን ካርቶኑ ያድንዎታል።

ፊቱን ካጸዱ በኋላ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁም አስቀምጠው በክፍተት መለኪያ ይፈትሹ። በብዙ መኪና ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ድረስ ነው የሚፈቀደው፤ የፀጉር ውፍረት በሉት። ካለፈ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚላግበት፣ ነው። በአሸዋ ወረቀት ልሞክር አይበሉ። የብሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲገባ መውጫ ያጣል፣ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በጨርቅ ያድርቋቸው።

ጓርኒሲዮኑ በደረቁ ይገባል፤ ግራሶ የለም፣ ሲሊኮን የለም። ሲመልሱ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ያጥብቁ፣ በቶርክ መፍቻ፣ የማጥበቂያውን ልክ በሚለካው። «ክንዴ ያውቀዋል» የሚል ሰው ካለ ሻይ ያጠጡትና ይሸኙት። ልኩ በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። በመጨረሻ የቫልቮላውን ክፍተት ያስተካክሉ፤ ቴስታታ ወርዶ ሲገባ ይለወጣል።

«የዘይት መሙያው ክዳን ስር ነጭ ነገር አየሁ። ጋራዥ ወስጄው ቴስታታው ይውረድ አሉኝ።» ከከዚራ የደወለች

ቆይ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት አምስት ደቂቃ ብቻ ከነዳሽው ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እርጥበት ክዳኑ ላይ ይቀራል። ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ነጭ ይሆናል። የዘይት መለኪያውን ሳቢ። እሱ ላይም ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ችግር አለ፤ አትንጂው። እሱ ንጹሕ ከሆነና ራዲያተሩ ካልጎደለ ክዳኑን ጥረጊና ረጅም መንገድ ንጂው። ከዚያ ተመልሰሽ እዪ።

«ባጃጅ ነው የምሠራበት። ጓርኒሲዮን ከካርቶን ቆርጬ ብገጥምስ?»

ለቴስታታና ለጭስ ማውጫ፣ በጭራሽ። ለጎን ክዳን ግን ካርቶኑን ተወውና የጓርኒሲዮን ወረቀት ግዛ፤ እሱ ይሠራል። ባቡር ወርክሾፕ ይሠራ የነበረ ጎረቤታችን ሲቆርጥ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ያስቀምጣል፣ በክብ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቶክ ቶክ ያደርገዋል። የብረቱ ጠርዝ ራሱ ይቆርጠዋል። መቀስ አይነካም። አንተ ግን ቀስ በል፤ አሉሚኒየም ነው፣ ጠርዙን እንዳትሰብረው። ወረቀቱም ከድሮው የወፈረ ወይም የሳሳ እንዳይሆን።

የድሮ ጓርኒሲዮን ስታነሳ ደግሞ በደረቁ በብረት ብሩሽ አትፈግፍገው። የቆዩት ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ብናኙ ሳንባ ያበላሻል። በውሃ አርሰህ ፋቀው።

«ራዲያተር ውስጥ እንቁላል ቢጨመር ይደፍናል ይላሉ። እውነት ነው?»

ትንሽ የራዲያተር ቀዳዳን መንገድ ላይ ሊያስታግስ ይችላል። የተቃጠለ ጓርኒሲዮንን አያድንም። እንቁላሉን በቃሪያ ብላው።

«ቅዳሜ ጀምሬ እሑድ ማታ ብጨርስ፣ ሰኞ ለሥራ ይደርስልኛል?»

የቴስታታ ከሆነ አይደርስም። ቅዳሜ ጠዋት ታወርደዋለህ። ምሳ ትበላለህ፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ረዳትህ በርጫ ይቀመጣል። እሑድ ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት መኪናህ ጭንቅላት የለውም፣ አንተ ባጃጅ ትጠብቃለህ። ሰኞ ጀምር፤ ለዚያ ሳምንት የሚያመላልስህ ሰው ግን አስቀድመህ ፈልግ።